በመዝገብ ያልሠፈረው ተረጂ፦ ድርቅና የፅንስ ዕድገት መገታት

በዕርዳታ ማደያ ጣቢያ የቤተሰብ ቅጽ ሲሞላ የሚቈጠረው በዓይን የሚታየው ሰው ነው። አባወራው፣ ባለቤቱ፣ ልጆቹና ከእነርሱ ጋር የሚኖሩ አዛውንት በየስማቸው ተጠርተው እህሉ፣ ጥራጥሬውና ዘይቱ በነፍስ ወከፍ ይሰፈራል። እናቲቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ብትሆንም በቅጹ ላይ የምትሠፍረው እንደ አንድ ሰው ነው። በማኅፀኗ ያለው ፅንስ ስም አልወጣለትም፤ ካርድም የለውም። ይሁንና ድርቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ከሚካፈሉት የቤተሰቡ አባላት አንዱ እርሱ ሲሆን፣ የጉዳቱም መጠን በተወለደበት ዕለት በሚዛን ላይ በግራም ሊነበብ ይችላል።

ፅንስ በተፈጥሮው ሊደርስበት ይገባው ከነበረው የዕድገት ደረጃ ሳይደርስ ሲቀር ሁኔታው የፅንስ ዕድገት መገታት ተብሎ ይጠራል። በዕርዳታ ሥራ የተሠማሩ ብዙዎች ይህንን ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር አንድ አድርገው ያዩታል፤ ነገር ግን ሁለቱ ፍጹም አንድ አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት ዝቅተኛ የልደት ክብደት አለው የሚለው ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደን ሕፃን ሁሉ ነው። በዚህ ስም ሥር ዘጠኝ ወሩ ሳይሞላ የተወለደ፣ ለዕድሜው ግን ተገቢ ክብደት ያለው ሕፃን ይገኛል። ቀኑ ሞልቶ ሳለ በማኅፀን ቀጭጮ የተወለደም ይገኛል። ሁለቱም መከራ በአንድነት የደረሰበትም አለ። ከእነዚህ ሌላ ወላጆቹ ደቃቆች በመሆናቸው ብቻ ትንሽ ሆኖ የተወለደ፣ ጤናው ግን የተሟላ ሕፃን ያጋጥማል። ሚዛን ብቻውን እነዚህን ለይቶ አያሳይም፤ ለመለየት የእርግዝናው ዕድሜ መታወቅ አለበት።

የገጠር እናት የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን ጽፋ አታስቀምጥም። ሆኖም ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ከዐቢይ ጾም መያዣ በኋላ፣ ረመዳን ሲገባ ነው ወይስ ከዒድ ወዲህ ተብላ ብትጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ መልስ ትሰጣለች። ፅንሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የተሰማት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው መካከል የሚውል በመሆኑ፣ ሌላ ማረጋገጫ ይሆናል። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ከታችኛው የሆድ አጥንት እስከ ማኅፀኑ ጫፍ በሜትር የሚለካው ርዝመት፣ በሴንቲ ሜትር ሲነበብ፣ ከእርግዝናው የሳምንት ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ልኩ ከሳምንቱ ቁጥር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ካነሰ አዋላጅ ነርስ ልታያት ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው።

ፅንስ እንዴት ይቀጭጫል

ለረጅም ጊዜ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር የነበረ አንድ ግምት አለ። ይኸውም ፅንስ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከእናቱ አካል ስለሚወስድ፣ ረሃብ ቢመጣ የምትጎዳው እናቲቱ ብቻ ናት የሚል ነው። በእናቶች አካል ላይ ያለውን መክሳት ላየ ሰው ግምቱ እውነት ሊመስል ይችላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ፅንስ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት አማካይነት ከእናቱ ደም ነው። እናቲቱ ስትራብ የደሟ መጠን እንደሚገባው አይጨምርም፤ የእንግዴ ልጁም አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ እናትና ልጅ ጉዳቱን ይካፈሉታል።

ይህን መተላለፊያ የሚያጠብበው ረሃብ ብቻ አይደለም። የደም ማነስ፣ ወባ፣ የደም ግፊት፣ ቂጥኝን የመሰለ ያልታከመ በሽታ፣ ትምባሆ፣ መንታ እርግዝና፣ በተቀራረበ ጊዜ ደጋግሞ መውለድ ሁሉም የየራሳቸውን ድርሻ ያዋጣሉ። ምግብ በተትረፈረፈባቸው አገሮች እንኳ የእንግዴ ልጅ ሥራውን በሚገባ ባለማከናወኑ ምክንያት ፅንስ ይቀጭጫል። ስለዚህ ደቃቃ ሕፃን የወለደችን እናት ሁሉ አልበላሽም ብሎ መውቀስ ስሕተት ነው። በድርቅ በተጎዳ ወረዳ ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኛዎቹ በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ወቅት ይከማቻሉ።

የፅንስ ክብደት የሚጨምርበት ፍጥነት በዘጠኙ ወራት እኩል አይደለም። በ20ኛው ሳምንት ክብደቱ ከ300 ግራም ብዙ አይርቅም። በ28ኛው ሳምንት ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በ40ኛው ሳምንት ጤናማ ሆኖ ሲወለድ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ሕፃኑ ይዞት ከሚወለደው ክብደት ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከቆዳው ሥር የሚከማቸው ስብ፣ በጉበቱ የሚቀመጠው ስኳር፣ ለመጀመሪያዎቹ የልደት ወራት የሚያገለግለው የብረት ማዕድንም በአመዛኙ የሚጠራቀሙት በዚሁ ጊዜ ነው።

በእነዚህ ወራት እጥረት ሲደርስ የፅንሱ አካል ያለውን በቁጠባ ይደለድላል። ደሙ በቅድሚያ ወደ አንጎልና ወደ ልብ እንዲሄድ ሲደረግ፣ ጉበት፣ ጡንቻና ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይጎድልባቸዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ይመስላል፤ ቆዳው የተሸበሸበ፣ ጭኑና ክንዱ ቀጭን ይሆናል። ጉዳቱ ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ የቆየ ከሆነ ግን ጭንቅላቱም፣ ቁመቱም፣ ክብደቱም በአንድነት ያንሳሉ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ለዓይን ተመጣጣኝ ስለሚመስል ሳይታወቅ ማለፉ የተለመደ ነው።

በሚዛን የተመዘገቡ ሁለት ረሃቦች

በኢትዮጵያ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰፊው የአገሪቱ ክፍል በደረሰው ረሃብ ጊዜ የተወለዱ ሕፃናት ምን ያህል ይመዝኑ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ የለም ማለት ይቻላል። ልደቱ በቤት ነበር፤ ሚዛን አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንኳ፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ውስጥ የልደት ክብደታቸው የታወቀው ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ረሃብ በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግልጽ የታወቀው፣ ረሃብ የማዋለጃ ሆስፒታልና የተሟላ መዝገብ ባላቸው ከተሞች በደረሰባቸው አጋጣሚዎች ነው።

የመጀመሪያው ከተማ ሌኒንግራድ ነው። ከተማው ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጦር ተከቦ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ሥራ ለሌላቸው ነዋሪዎች የሚታደለው ዳቦ እስከ 125 ግራም በቀን ዝቅ ብሏል። አንቶኖቭ የተባለ ሐኪም በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ በ1942 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት በአንድ የከተማው ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናት አማካይ ክብደት ከቀድሞው ከ500 ግራም በላይ ቀንሶ ነበር፤ ከአሥሩ አራት ያህሉም ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ነበሩ። እናቶቹ ከረሃቡ በተጨማሪ ብርዱ፣ የሥራው ክብደትና የቦምብ ድብደባው ተደራርቦባቸው ነበር።

ሁለተኛው የምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 1944 እ.ኤ.አ. የባቡር ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው የጀርመን ወራሪ ጦር በአጸፋው ምግብ እንዳይገባ ከለከለ። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ይታደል የነበረው ቀለብ በኖቬምበር መጨረሻ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል 1945 ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ባለው መካከል ቆየ። በሜይ ወር አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ቀለቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ2,000 ካሎሪ በላይ ሆነ። ረሃቡ የገባበትና የወጣበት ቀን እንዲህ ተለይቶ በመታወቁ፣ እያንዳንዱ ሕፃን በማኅፀን በስንተኛው ወር ሳለ ረሃብ እንዳገኘው መቁጠር ተቻለ።

የተገኘው ውጤት ለዕርዳታ ሠራተኛ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ረሃቡ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የደረሰባቸው ሕፃናት ወደ 300 ግራም ያህል ክብደት ጎድሎባቸው ተወለዱ። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ተርበው፣ ከዚያ በኋላ በቂ ምግብ ያገኙ እናቶች የወለዷቸው ግን በተለመደው ክብደት ተወለዱ። እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ወራት ከመድረሳቸው በፊት የሚደርስ ምግብ የልደት ክብደትን ሊያድን ይችላል።

ይህ ማለት ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እነዚያው ሚዛን ላይ ደህና ሆነው የታዩት ሕፃናት አድገው በጎልማሳነታቸው ሲመረመሩ፣ የልብ በሽታና ከልክ ያለፈ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል፤ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመምም ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ታይቶባቸዋል። ሚዛን የሚነግረው የመጨረሻዎቹን ወራት ታሪክ ነው፤ ስለ መጀመሪያዎቹ ዝም ሊል ይችላል።

በኢትዮጵያ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተረፉ ልጆችን በተመለከተ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ረሃቡ በበረታበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩት በጎልማሳነታቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው መገኘታቸውን አረጋግጧል። በማኅፀን በነበሩት ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ የቁመት ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹ ይህን ጉዳት አለመኖሩን እንደሚያሳይ ማስረጃ አልወሰዱትም፤ መውሰድም አይገባም። የሞተው አይለካም። ቁመትም ከልብና ከአእምሮ ጤና የተለየ ነገር ነው።

ምግብ ምን ያህል ይመልሳል

ጉዳቱን በምግብ መከላከል እንደሚቻል ከሁሉ በተሻለ ያሳየው ሥራ በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ ገጠር የተካሄደው ነው። በ28 መንደሮች ለአምስት ዓመታት የቆየውና ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት፣ ነፍሰ ጡሮች ከ20ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከለውዝ የተሠራ ብስኩት በየቀኑ እንዲበሉ አደረገ። ብስኩቱ 1,000 ካሎሪ ያህል ይሰጥ ነበር። የተወለዱት ሕፃናት አማካይ ክብደት በ136 ግራም ጨመረ። ዓመቱ በሁለት ሲከፈል ደግሞ፣ በአዝመራው ወቅት ጭማሪው 94 ግራም፣ ጎተራው ባዶ በሚሆንበትና የእርሻ ሥራ በሚበዛበት ወቅት 201 ግራም ሆኖ ተገኘ። ሞተው የሚወለዱትና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱት ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ።

136 ግራም ለአንድ ሕፃን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ከሁለት የሻይ ብርጭቆ ስኳር አይበልጥም። ነገር ግን በአደጋው ወሰን ላይ ቆመው ለሚወለዱ ሕፃናት ይህ ጭማሪ ወሰኑን የሚያሻግር ነው፤ በሞት ቁጥር ላይ የታየው ለውጥም ይህንኑ ይመሰክራል።

የምግቡ ዓይነት ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በሐርለም ሠፈር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ሙከራ፣ ፕሮቲን እጅግ የበዛበት ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው እናቶች ጊዜያቸው ሳይደርስ የወለዱት ሕፃናት በዝተው፣ ሞትም ጨምሮ ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የምግብ እጥረት ባለበት ሕዝብ መካከል ለነፍሰ ጡሮች ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ በተመጣጠነ መጠን እንዲሰጥ ይመክራል፤ በፕሮቲን የበለጸገ ልዩ ምግብ ግን ለዚህ ዓላማ እንዲውል አይመክርም። ፋፋና መሰል የተቀላቀሉ ዱቄቶች ከዘይት ጋር ለዚህ አገልግሎት ተስማሚ ናቸው። በየቀኑ የሚወሰድ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒንም ከምግቡ ጋር ሊታደል ይገባል።

የወራት ስሌት

በደጋው አገር ጥር የሠርግ ወር ነው። አዝመራው ገብቷል፤ ጎተራው ሞልቷል። በጥር አጋማሽ የተፀነሰ ልጅ ቀኑ ቢሞላ የሚወለደው በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ይሆናሉ። እነዚህም ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰባቸው፣ አረሙና ጉልጓሎው የሚበረታባቸው፣ ወንዞች ሞልተው መንገድ የሚቆረጥባቸው ወራት ናቸው። ቆላው ላይ ደግሞ ወባ የሚያንሰራራው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። እንዲህ ሆኖ ፅንሱ ከፍተኛውን ክብደት የሚያበጅበት ጊዜ ከገበሬው ዓመት እጅግ አስቸጋሪ ከሆነው ጊዜ ጋር ይገጥማል። በደህና ዓመት እንኳ ይህ ይደርሳል። የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ በተለይም በልግ አምራች በሆኑት የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ ጎተራው ባዶ የሚሆነው ገና ክረምቱ ሳይገባ ነው።

ከዚህ የሚከተለው አስተዳደራዊ ውጤት ግልጽ ነው። በነሐሴ የሚደረግ ምዝገባ ለእነዚህ እናቶች ዘግይቷል። እህሉ በመስከረም መጨረሻ ቢደርስ ለቤተሰቡ ይጠቅማል፤ ለፅንሱ ግን የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። የነፍሰ ጡሮች ምዝገባ በግንቦት ተጠናቆ፣ የክረምቱ ተጨማሪ ምግብ መንገድ ሳይቆረጥ በሰኔ ወደ መጋዘን ቢገባ፣ የአራትና የአምስት ወር እርጉዝ የሆኑት በሚገባቸው ጊዜ ይደርሱበታል። የዕርዳታ ጥያቄ የሚቀርበው የአዝመራ ግምገማ ውጤት ከታወቀ በኋላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆድ ግን ግምገማ አይጠብቅም።

ለምርጫ ያህል የክንድ ዙሪያ ልኬት ይበቃል። በልዩ ልዩ መርሐ ግብሮች የሚሠራበት ወሰን ከ21 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። ወሰኑ ወደ 23 ከፍ ሲል የሚረዱት እናቶች ቁጥር ስለሚጨምር የመጋዘን ኃላፊዎች 21ን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ የክንድ ዙሪያ በእርግዝና ምክንያት ብዙም የማይለዋወጥ በመሆኑ፣ ከ23 በታች የሆነች እናት ከመፀነሷ በፊት ጀምሮ የተጎዳች ልትሆን ትችላለች።

ከደጋ ወደ ቆላ የወረዱ እናቶች

በሠፈራ አካባቢ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወስዷል። ዘመቻው በጥድፊያ የተካሄደ ነበር፤ ብዙዎች ሳይወዱ የተነሡ፣ ከቤተሰባቸውም የተለያዩ ነበሩ። ከተነሡበት ደጋ ወባ አይታወቅም ወይም እምብዛም አይገኝም፤ የደረሱበት ቆላ ግን የወባ አገር ነው።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወባ አገር ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በከፊል የመቋቋም ችሎታ ያዳብራል። ደገኛው ይህ የለውም። በነፍሰ ጡር ላይ ጉዳቱ የሚበረታው የወባ ተውሳክ ያለባቸው የደም ሕዋሳት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚቀመጡ ነው። በዚህም ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ምግብና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የእናቲቱም ደም ያንሳል። ወባ በጸናባቸው አገሮች ይህ ጉዳት ይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያ እርግዝና ነው። መቋቋሚያ በሌላት ደገኛ ሴት ግን የመጀመሪያዋ ቢሆን አምስተኛዋ ቢሆን ልዩነት አያመጣም፤ ለሕይወቷም ያሰጋታል። ስለዚህ በሠፈራ ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰፈረው እህል ብቻውን ፅንሱን አያድነውም። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ፣ ትኩሳት በታየ ዕለትም የደም ምርመራና ሕክምና ሊያገኟት ይገባል። ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ወደ ቆላ የወረዱ፣ ለአጨዳ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርዱ፣ በግጭት ምክንያት ከደጋ የተፈናቀሉ ሴቶች ሁሉ ለዚሁ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ስፍሩ እናቲቱ ዘንድ ይደርሳልን

በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ይመደባል። ለነፍሰ ጡር በአማካይ 285 ካሎሪ ይጨመራል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን የሚያስፈልጋት ጭማሪ ወደ 475 ካሎሪ ይደርሳል። አማካዩ በእህል ሲተመን በቀን 80 ግራም፣ በወር 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። አሁን ስድስት ሰው ያለበት ቤት ይታሰብ። ለቤተሰቡ የሚበቃ ቀለብ ካልተሰጠ ይህ 2 ኪሎ ተኩል ወደ አንድ ድስት ይገባል፤ ለስድስት ሲካፈልም የእናቲቱ ድርሻ በቀን 14 ግራም ይሆናል። ልጆቿ እየተራቡ ብቻዋን እንድትበላ የሚጠብቅ መርሐ ግብር እናትነትን አያውቅም። ተጨማሪ ምግብ የሚሠራው የቤተሰቡ ዋና ቀለብ ሙሉ ሲሆን ነው።

ሥራም የምግብን ያህል ይመዝናል። ውኃ ከሩቅ በጀርባ መሸከም፣ እንጨት መልቀም፣ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ድንጋይ መፈለጥና አፈር መሸከም የተሰጠውን ካሎሪ መልሶ ይበላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ2008 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በነበረው ምዕራፉ፣ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝባዊ ሥራው ወጥተው ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድጋፉን ያለ ሥራ እንዲያገኙ ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው። ይሁንና እርግዝናዋን ለአካባቢው ሹም መናገር የምታፍር፣ ወይም ከዝርዝሩ እሰረዛለሁ ብላ የምትፈራ ሴት እስከ ሰባተኛ ወሯ ድረስ ድንጋይ ስትሸከም ትቆያለች። ምዝገባው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም በአካባቢው የልምድ አዋላጅ አማካይነት ቢሆን ይህ ችግር ይቃለላል።

ሌላው ጉዳይ እናቶች ራሳቸው ምግብ መቀነሳቸው ነው። ብዙ በበላሁ መጠን ፅንሱ ይፋፋና ምጡ ይከብደኛል የሚል ሥጋት በገጠር የተስፋፋ ነው። አንዳንድ ሠራተኞች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው ያልፉታል። ሥጋቱ ግን ከልምድ የመነጨ ነው፦ ሐኪም ቤት የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ቦታ፣ ምጥ ተጠምዶ የሞተች ጎረቤት የሌላት ሴት ጥቂት ናት። ደግሞም ምጥን በአብዛኛው የሚያከብደው የእናቲቱ የዳሌ አጥንት ጥበት ሲሆን፣ ይህም በልጅነቷ ቀጭጫ ካደገች ሴት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ብዪ» የሚለው ምክር የሚሰማው ምጥ ሲመጣ የሚወስዳት አምቡላንስ ወይም የወሊድ ማቆያ ቤት መኖሩ አብሮ ሲነገራት ነው። በጾም ረገድም በየሃይማኖቱ ለነፍሰ ጡር የሚደረገው አስተያየት የታወቀ ስለሆነ፣ ካህናቱና ሼሆቹ በአደባባይ ቢያስታውሱት ከማንኛውም የጤና ትምህርት ይልቅ ተሰሚነት ይኖረዋል።

ቀጭጮ የተወለደው ሕፃን

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዶቹ ደቃቃ ሆነው ይወለዳሉ። በማኅፀን የቀጨጨ ሕፃን ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርደዋል፤ በጉበቱ የተቀመጠ ስኳር ስለሌለው ጡት ካልያዘ በሰዓታት ውስጥ ይደክማል። ሁለቱንም የሚያስቀረው በእናቱ ገላ ላይ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ መታቀፉና በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመሩ ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በ1978 እ.ኤ.አ. የማሞቂያ መሣሪያ በማነሱ ምክንያት የተጀመረው የካንጋሮ አስተቃቀፍ ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት የሚመከር ነው፤ መሣሪያ በሌለበት መጠለያ ድንኳንም ይሠራል። ሕፃኑ ወዲያው መታጠብ የለበትም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። በአንዳንድ አካባቢ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ለደቃቃው ሕፃን በተለይ አደገኛ ነው። የመጀመሪያው ቢጫ ወተትም ሊደፋ አይገባም።

በየማደያ ጣቢያው የሕፃናት ሚዛን ቢኖርና የልደት ክብደቱ በቤተሰቡ ካርድ ጀርባ ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ወር ክብደቱ መጨመሩን ለማየት መነሻ ይገኛል። ካርዱን በሚመለከት አንድ የተለመደ ጉድለት አለ። እናቲቱ ስትወልድ «ነፍሰ ጡር» የሚለው ምልክት ይሰረዝና ተጨማሪው ስፍር በዚያው ይቋረጣል፤ የሕፃኑም ስም የሚገባው በሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ነው፤ ይህም ወራት ሊፈጅ ይችላል። የምታጠባ እናት ግን በእርግዝናዋ ጊዜ ከሚያስፈልጋት የበለጠ፣ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ጭማሪ ይገባታል። አንዱ ምልክት ሲሰረዝ ሌላው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ጸሐፊ እጅ መተካት አለበት።